ከጤፍ ፍሬ ያነሱ መኪናዎች

(በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

ዛሬ ማታ የምናገረው ስለ ጥቃቅን መኪናዎች ነው። መኪና ስል በመንገድ ላይ የሚሽከረከረውን ብቻ ማለቴ አይደለም። አባቶቻችን የስፌቱንም የጽሕፈቱንም መሣሪያ መኪና ይሉት እንደ ነበረ ሁሉ፥ እኔም የሚንቀሳቀስ አካል ኖሮት ሥራ የሚሠራውን መሣሪያ ሁሉ ማለቴ ነው። የዛሬዎቹ መኪናዎች ግን ጥርሳቸው ከጠጉር የቀጠነ፥ ሞላቸው በዐይን የማይታይ፥ ኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሳቸው ወይም እንቅስቃሴን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡ ናቸው። በሊቃውንቱ ዘንድ ሜምስ ይባላሉ፤ ይኸውም ጥቃቅን የኤሌክትሪክና የመካኒክ ሥርዐቶች ማለት ነው። ከእነርሱም እጅግ ያነሱት ኔምስ ይባላሉ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ርእሱን በሰሙ ጊዜ፥ «መንገድና ውሃ የሚያሳስበው አገር ስለ ጥቃቅን መኪና ምን አስጨነቀው?» ሲሉ ጠይቀውኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ንግግሬም ለዚሁ ጥያቄ የሚሰጥ መልስ ነው። መልሴን በአጭሩ ላስቀድም። እነዚህ መኪናዎች ወደ አገራችን ከገቡ ቈይተዋል፤ በየኪሳችንም ይገኛሉ። የሚነግሩንን ቍጥር ግን መርምረንና አርመን፥ ለገደላችንና ለክረምታችን የሚሆን ሥራ ገና አላሠራናቸውም። ይህን ለማድረግ ደግሞ ፋብሪካ እስኪቆም መጠበቅ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ልካቸውን እንወቅ። አንዲት የጤፍ ፍሬ ርዝመቷ አንድ ሚሊሜትር ያህል ነው። አንድ ሺህ የጤፍ ፍሬ ቢመዘን 0.3 ግራም ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ አንዷ ፍሬ 300 ማይክሮግራም ገደማ ትመዝናለች። ሚሊሜትሩን ለሺህ ብንከፍለው ማይክሮን ይሆናል፤ የሰው የራስ ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ነው። ማይክሮኑን ደግሞ ለሺህ ብንከፍለው ናኖሜትር ይሆናል። የሜምስ መኪናዎች ክፍሎቻቸው ከአንድ ማይክሮን እስከ ጥቂት መቶ ማይክሮን የሚደርሱ ናቸው፤ የኔምስ ክፍሎች ግን በናኖሜትር ይለካሉ። እንግዲህ አንድ ሙሉ መኪና ከነሞላውና ከነጥርሱ በአንዲት ጤፍ ጀርባ ላይ ሊቀመጥ ይችላል ማለት ነው።

ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ መቅደላ አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ፥ ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል ሆኖ ሳለ፥ መንገድ እያስጠረጉና ሸለቆ እያሻገሩ በ1860 ዓ. ም. እስከ መቅደላ እንዳስጐተቱት ሁላችንም በታሪክ ተምረናል። መድፉም እስከ ዛሬ በዚያው አምባ ይገኛል። በዚያ ዘመን የአንድ መንግሥት ጥበብ የሚታወቀው ትልቅ ብረት በማቅለጡ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ ከማይክሮግራም በታች የሆነውን ክብደት በሞላ ላይ ለማንጠልጠል መቻል የጥበብ ምልክት ሆኗል። ንጉሠ ነገሥቱን ያስጨነቃቸው ጉዳይ፥ ማለት የባዕዱን መሣሪያ ከመግዛት አልፎ የአሠራሩን ዕውቀት በአገር ውስጥ የማኖር ጉዳይ፥ ዛሬም በእኛ ፊት ያለ ጉዳይ ነው።

የዚህ ጥበብ ታሪክ ረጅም አይደለም። ዓመታቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እጠራለሁ። በ1954 ቻርልስ ስሚዝ የተባለ የቤል ላቦራቶሪ ተመራማሪ፥ ሲሊኮንና ጀርማንየም ሲጫኗቸው ወይም ሲስቧቸው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ጠባያቸው እጅግ እንደሚለወጥ ገለጸ። ከዚህ ግኝት በኋላ ብዙ ዐይነት የግፊት መለኪያዎች ተሠሩ። በታኅሣሥ 1959 ሪቻርድ ፋይንማን የተባለው ዕውቅ የፊዚክስ ሊቅ በካሊፎርኒያ ባደረገው ንግግር፥ በጥቃቅኑ ዓለም ገና ያልተሠራበት ሰፊ ቦታ እንዳለ አመለከተ። እያንዳንዱ ጐኑ ከኢንች አንድ ስልሳ አራተኛ የማይበልጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ለሚሠራም አንድ ሺህ ዶላር እሸልማለሁ አለ። በሚቀጥለው ዓመት ዊልያም ማክሌላን የተባለ መሐንዲስ ሞተሩን በተለመዱ የእጅ መሣሪያዎች ሠርቶ ሽልማቱን ተቀበለ። ሊቁ የጠበቀው አዲስ ዘዴ እንዲወለድ ነበረ፤ ጥያቄውን የፈታው ግን የአንድ ሰው ትዕግሥት ነበር።

አዲሱ ዘዴም ቀስ በቀስ መጣ። በ1960ዎቹ ሃርቪ ናታንሰንና ባልደረቦቹ በዌስቲንግሃውስ ኩባንያ ውስጥ የሚርገበገብ ጥቃቅን የብረት ዘንግ ከትራንዚስተር ጋር አዋሐዱ። በ1982 ከርት ፒተርሰን ሲሊኮን ለኤሌክትሪክ ሥራ ብቻ ሳይሆን ለመካኒክ ሥራም የተመቸ ጠንካራ ነገር መሆኑን በሰፊው ጻፈ። በ1988 በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ስፋቱ የራስ ጠጉር ውፍረት ያህል የሆነ ሞተር በኤሌክትሪክ ጕተታ ዞረ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ አውቶሞቢል ሲጋጭ የአየር ከረጢቱን የሚያስነፋው ጥቃቅን መለኪያ ለገበያ ወጣ።

ከአገራችን ልጆችም በዚሁ የጥቃቅን ሥራ ጐዳና የተጓዙ አሉ። ዶክተር ሰለሞን አሰፋ በአሜሪካ በአይ ቢ ኤም የምርምር ማእከል ሳሉ፥ በ2012 ከባልደረቦቻቸው ጋር የብርሃን መቀበያና ማስተላለፊያ ክፍሎችን ከትራንዚስተሮች ጋር በአንድ የሲሊኮን ገበታ ላይ የማዋሐድን ሥራ አስታውቀዋል፤ በኋላም የዚያው ድርጅት የአፍሪካ ምርምር መሪ ሆነው ሠርተዋል። የእርሳቸው ሥራ ስለ ብርሃን ቢሆንም፥ ሲሊኮኑን በናኖሜትር ልክ የመቅረጹ ጥበብ ከዛሬው ርእሳችን ጋር ዘመድ ነው።

ትልቁን መኪና አሳንሶ መቅዳት ስለማይቻል፥ የጥቃቅኑ ዓለም ጠባይ ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ወፍጮ ቤት የገባ ሰው ሁሉ ይህን አይቷል። የእህሉ ፍሬ ከእጅ ላይ ወዲያው ይወድቃል፤ ዱቄቱ ግን በግድግዳው፥ በልብሱ፥ በባለ ወፍጮውም ቅንድብ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ነገሩ ያው እህል ነው፤ የተለወጠው ልኩ ብቻ ነው። ምክንያቱም አንድ ነገር ርዝመቱ በዐሥር እጅ ሲያንስ፥ ገጹ በመቶ እጅ፥ ክብደቱ ግን በሺህ እጅ ያንሳል። ስለዚህ እያነሰ በሄደ ቍጥር የክብደት ኀይል ይደክማል፥ የገጽ ኀይል ይበረታል። በማይክሮን ልክ ሁለት ገጾች ከተነካኩ እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ሊቀሩ ይችላሉ፤ አንዲት የውሃ ጠብታም ስትደርቅ ሞላውን ወደ ታች ስባ ታጣብቀዋለች። በሌላ በኩል ደግሞ ቀላልነታቸው ይጠቅማል። በትልቁ ዓለም ሸክም ለማንቀሳቀስ የማይመረጠው የኤሌክትሪክ ሙላት ጕተታ፥ በዚያ ዓለም ሞተር ለማዞር ይበቃል፤ ስልክ ከእጅ ወድቆ ሲላተምም በውስጡ ያለው ጥቃቅን ሞላ አብዛኛውን ጊዜ አይሰበርም።

አሠራራቸው ለእኛ እንግዳ አይደለም ብል የተጋነነ እንዳይመስላችሁ። አንጥረኛ መስቀል ሲሠራ አስቀድሞ ቅርጹን በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍነዋል፤ በእሳትም ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ወይም ናሱ በባዶው ቦታ ይገባል። ሰሙ የሚሠራው ሊጠፋ ነው። ቅኔያችንም ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም ያገኘው ከዚሁ ሥራ ነው። የሜምስ ሠሪዎችም እንዲሁ ሊጠፋ የተዘጋጀ ንጣፍ አላቸው። በሲሊኮን ገበታ ላይ አንድ ቀጭን የብርጭቆ ንጣፍ ያነጥፋሉ፤ በእርሱም ላይ ሌላ የሲሊኮን ንጣፍ ይደርባሉ። የፈለጉትን ቅርጽ እንደ ፎቶግራፍ በብርሃን አትመው የማይፈለገውን ይቀርፋሉ። በመጨረሻ የብርጭቆውን ንጣፍ በአሲድ ሲያሟሙት፥ በላዩ የነበረው ሲሊኮን ከሥሩ ነጻ ወጥቶ፥ በሞላዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ መንቀሳቀስ ይጀምራል። አንጥረኛው አንድ መስቀል በሚያወጣበት ሥራ፥ እነርሱ በአንድ ገበታ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ መኪናዎችን በአንድ ጊዜ ያወጣሉ። የዋጋው መርከስ ምክንያቱ ይህ ነው።

አሁን ወደ ኪሳችን እንመለስ። የእጅ ስልካችሁን ወደ ጐን ብታዞሩት ጽሑፉ አብሮ ይዞራል። ወደ ታች የሚባለው በየት በኩል እንደ ሆነ ለስልኩ የሚነግረው አክሰለሮሜትር የሚባለው መኪና ነው። በውስጡ በሞላዎች የተንጠለጠለ አንድ የሲሊኮን ክብደት አለ፤ ክብደቱ በመጀመሪያዎቹ መለኪያዎች ላይ ከአንድ ማይክሮግራም በታች ነበር። ይህም አንዲት የጤፍ ፍሬ ቢያንስ ሦስት መቶ እንዲህ ያሉትን ክብደቶች ታህላለች ማለት ነው። ከክብደቱ ግራና ቀኝ እንደ ሚዶ ጥርስ ያሉ ጥርሶች ወጥተው፥ ከማይንቀሳቀሱት ጥርሶች መካከል ሳይነኳቸው ይገባሉ። ስልኩ ሲያዘነብል ክብደቱ በናኖሜትር የሚቆጠር ያህል ወደ አንድ ወገን ፈቀቅ ይላል። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት በአንድ ወገን ሲጠብ በሌላው ይሰፋል፤ ጥርሶቹ የሚይዙት የኤሌክትሪክ ሙላትም ይለወጣል። በአጠገቡ ያለው ኤሌክትሮኒክስ ያን ለውጥ አንብቦ ወደ ቍጥር ይተረጕመዋል።

ሌላው መኪና በአንዳንድ ስልኮች ላይ ብቻ የሚገኘው የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ይህ ከበሮ ይመስላል። ከሥሩ አየር የተመጠጠበት ባዶ ጕድጓድ አለ፤ በላዩ ቀጭን የሲሊኮን ሽፋን ተወጥሯል፤ አየሩ ሲጫነው ሽፋኑ ይጐብጣል። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፥ በላያችን ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ስንወርድ በየዐሥር ወይም በየዐሥራ አንድ ሜትሩ ግፊቱ አንድ ሄክቶፓስካል ያህል ይጨምራል። እንግዲህ አንድ ተማሪ ይህን ስልክ በኪሱ ይዞ ከደጋው ወደ ቈላው ቢወርድ፥ የገደሉን ጥልቀት ያለ ሰንሰለትና ያለ ቀያሽ መሣሪያ ገምቶ ሊመለስ ይችላል።

ነገር ግን ያንኑ ስልክ ከጠረጴዛ ላይ ሳናነሣው ቀኑን ሙሉ ብንመለከተው የሚያስገርም ነገር እናያለን። ግፊቱ ረፋድ በ4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፤ ከቀትር በኋላ በ10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ማታ በ4 ሰዓት እንደ ገና ከፍ፥ ሌሊት በ10 ሰዓትም እንደ ገና ዝቅ ይላል። ፀሐይ የምድርን አየር ስለምታሞቀው በእኛ ቆላማም ደጋማም አገር በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚመላለስ የአየር ማዕበል አለ። ልዩነቱ ሁለት ወይም ሦስት ሄክቶፓስካል ነው። ስለዚህ ከፍታን ከግፊት ብቻ የሚያሰላ ስልክ፥ ጠረጴዛው በቀን ሃያና ሠላሳ ሜትር ሲወጣና ሲወርድ እንደዋለ ይነግረናል። መለኪያው አልዋሸም፤ የአየሩን ግፊት በትክክል ነግሮናል። ግፊቱን ወደ ከፍታ የምንተረጕመው እኛ ነንና፥ ትርጕሙን የማረም ኀላፊነትም የእኛ ነው።

ስለ ኔምስም አንድ ነገር ልጨምር። የክራር ጅማት ላይ ዝንብ ብታርፍ ድምፁ በጥቂቱ ይወርዳል፤ ምክንያቱም ጅማቱ ከነዝንቧ ከብዷል። ጅማቱን እያሳነስን ብንሄድ ድምፁን ለመለወጥ ዝንብ አታስፈልግም፤ ተሐዋስያን፥ በመጨረሻም አንዲት ሞለኪውል ትበቃለች። በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የማይክል ሩክስ የምርምር ቡድን እንዲህ ባለ የሚርገበገብ ናኖ ዘንግ የፕሮቲን ሞለኪውሎችን አንድ በአንድ መዝኗል። አሳቡ የክራሩ አሳብ ነው፤ ልዩነቱ በልኩና በጥንቃቄው ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መኪናዎቹ ጠባይ ነው። አሁን ወደ ጓደኞቼ ጥያቄ፥ ማለት ለዚህ አገር ምን ይጠቅማሉ ወደሚለው እመለሳለሁ።

የምዕራብ ደቡብ ወሎን መልክዐ ምድር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከቦረና፥ ከወግዲ፥ ከከላላ፥ ከሳይንት ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ የሚወርድ ሰው ከገደል አፋፍ ሳይርቅ ይሄዳል። ቤቱም፥ እርሻውም፥ መንገዱም በተዳፋት ላይ ነው። የዞናችን ዋና ከተማ ደሴም በመሬት መንሸራተት የምትቸገር ከተማ ናት። ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ በአገሪቱ ደቡብ በጎፋ ዞን የደረሰው አሳይቶናል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ. ም. ከዝናብ በኋላ መሬቱ ተንሸራቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከሞቱትም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ሲቈፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ሰዎች ነበሩ። እነዚያ ሰዎች የቆሙበት መሬት እየተንቀሳቀሰ መሆኑን የሚነግራቸው ነገር አልነበራቸውም።

ተዳፋት አብዛኛውን ጊዜ ከመውደቁ በፊት ቀስ ብሎ ያዘማል። በጃፓን የሚገኙ ተመራማሪዎች የሜምስ አክሰለሮሜትር የያዙ አጫጭር ችካሎችን በተዳፋት ላይ ተክለው ይህንን ማዘንበል ሲከታተሉ ቈይተዋል። ችካሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ የአንድ ዲግሪ አንድ መቶኛ ያህል ካዘነበለ ለጥንቃቄ፥ አንድ ዐሥረኛ ያህል ካዘነበለ ደግሞ ለማስጠንቀቂያ ይበቃል የሚል አሳብ አቅርበዋል። ይህን በጤፍ ልክ ልንገራችሁ። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው በትር በአንድ መቶኛ ዲግሪ ቢያዘነብል፥ ጫፉ ከቦታው የሚለቀው ከጤፍ ፍሬ ርዝመት አንድ አምስተኛ ያነሰ ነው። በአንድ ዐሥረኛ ዲግሪ ቢያዘነብል ደግሞ የሁለት ጤፍ ርዝመት አይሞላም። ይህን ዐይን አያይም፤ በጥሩ ሁኔታ የተሠራ መለኪያ ግን ያየዋል።

ይህን የሰማ ሰው፥ «እንግዲያው ርካሹን መለኪያ ገዝተን በየገደሉ አፋፍ እንትከል» ሊል ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ እኛም የምናስፈልገው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ መለኪያዎች ሙቀት ሲለዋወጥ ንባባቸው ይለዋወጣል። በርካሾቹ ላይ ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሽየስ ሲለወጥ፥ ንባቡ ከመሬት ስበት ግማሽ ሺኛ ያህል ሊዛባ ይችላል። በእኛ ደጋ ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፥ ሌሊት ብርዱ ያንዘፈዝፋል። በቀንና በሌሊት መካከል የዐሥራ አምስት ዲግሪ ልዩነት ቢኖር፥ መለኪያው ምንም ሳይንቀሳቀስ የዲግሪ ግማሽ ሊደርስ ጥቂት የጐደለው ማዘንበል ያሳያል። ይህም ለማስጠንቀቂያ ከተባለው ልክ አራት እጥፍ ያህል ነው። ፀሐይ በጠለቀች ቍጥር «ተራራው ወደቀ» እያለ የሚጮኽ መሣሪያ፥ በከንቱ «ጅብ መጣ» እያለ ከሚጮኽ እረኛ አይሻልም። ገበሬው አንድ ሳምንት ቤቱን ጥሎ ይሸሻል፤ በሁለተኛው ሳምንት ይስቃል፤ በሦስተኛው ሳምንት መሬቱ በእውነት ሲሄድ ከቤቱ አይወጣም።

መለኪያን ሳይመረምሩ ማመን የሚያስከፍለውን ዋጋ ኢትዮጵያ ታውቀዋለች። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ. ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቍጥር 302 አውሮፕላን በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞተዋል። በቦይንግ 737 ማክስ ላይ የነበረው የመቆጣጠሪያ ሥርዐት የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች የሚገፋው የአንድ መለኪያን ቃል ብቻ ሰምቶ ነበር፤ ያም በግራ በኩል ያለው መለኪያ የተሳሳተ ንባብ ሰጠ። ያ መለኪያ ከዛሬዎቹ ጥቃቅን መኪናዎች ወገን አይደለም። ትምህርቱ ግን ለማንኛውም መለኪያ ይሠራል። አንድ ምስክር ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ እንደማይታመን ሁሉ፥ አንድ መለኪያ ብቻ ሰምቶ የሚሠራ መሣሪያም የሰው ሕይወት ሊታመንበት አይገባም።

ስለዚህ ለእናንተ የማቀርበው አሳብ ሦስት ነገሮችን የያዘ ነው።

አንደኛው የስድስት ገጽ ምርመራ ነው። ምድር ለሁላችንም ያለ ዋጋ የሰጠችን አንድ የታወቀ ልክ አለ፤ እርሱም ስበት ነው። በእኛ ከፍታና ኬክሮስ ስበት በሰከንድ ካሬ 9.78 ሜትር ያህል ነው። ስልኩን ወይም መለኪያውን በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ በስድስቱም ገጹ እያገላበጥን ንባቡን እንጻፍ። አንዱን ገጽ ወደ ላይ ስናደርገው ያነበብነውና ወደ ታች ስናደርገው ያነበብነው ቍጥር፥ ምልክታቸው ተቃራኒ ሆኖ ልካቸው እኩል መሆን ይገባው ነበር። እኩል ካልሆኑ የሁለቱ ድምር ግማሽ የመለኪያው ስሕተት ነው። በጀርመን አገር የአኽን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ለተማሪዎች ያዘጋጁት ፋይፎክስ የተባለ ያለ ክፍያ የሚገኝ ፕሮግራም የመለኪያውን ንባብ እንዳለ ያሳያል። ይህ ምርመራ የሚጠይቀው አንድ ጠረጴዛ፥ አንድ ደብተርና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

ሁለተኛው የሙቀት ሠንጠረዥ ነው። መለኪያዎቹን በማይንቀሳቀስ ድንጋይ ላይ አሥረን፥ ከቴርሞሜትር ጋር ከማታ እስከ ቀትር ንባባቸውን እንመዝግብ። በየዲግሪው ምን ያህል እንደሚዛቡ ካወቅን፥ ያን ያህል ከንባባቸው ላይ መቀነስ እንችላለን። ደግሞም አፈር ሙቀትን ቀስ ብሎ ስለሚያሳልፍ፥ መለኪያውን በአፈር ውስጥ ብንቀብረው መለዋወጡ ምን ያህል እንደሚቀንስ እናያለን። ሊታወቅ የሚገባው በእኛ ደጋ፥ በእኛ ብርድ፥ በእኛ ጥቁር አፈር ያለው ጠባይ ነው፤ ይህንም የመሣሪያው ሻጭ በማስታወቂያው ላይ አይጽፍልንም።

ሦስተኛው የአንድ ክረምት ሥራ ነው። የመሬቱን ባለቤቶች አስፈቅደን፥ በአንድ ተዳፋት ላይ ከአንድ በላይ መለኪያዎችን ጐን ለጐን እንትከል። በአጠገባቸውም ግንበኛ የሚጠቀምበትን ቱንቢ እንስቀል፤ ምክንያቱም ጥቃቅኑ መኪና ለሚናገረው ነገር በዐይን የሚታይ ምስክር ያስፈልገዋል። የአካባቢውንም ሽማግሌዎች እንጠይቅ። ምንጭ ሲደፈርስ፥ ዛፍ ሲያዘም፥ የእርሻው ዳር ሲሰነጠቅ አስቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። የእነርሱን ቃልና የመለኪያውን ቍጥር በአንድ ደብተር ላይ ቀኑን እየጠቀስን እንጻፍ። ክረምቱ አልፎ ደብተሩ እስኪመረመር ድረስ ግን አንድም የማስጠንቀቂያ ደወል እንዳንደውል አሳስባለሁ። ያልተፈተነ ደወል ከዝምታ የባሰ ጕዳት ሊያደርስ ይችላል።

አንዳንዶቻችሁ፥ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ሌሎች ፋብሪካ ያቆማሉ፥ እኛ ስልክ እናገላብጣለን» ትሉ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፋብሪካ ለማቆም በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር፥ አቧራ የማይገባበት ክፍልና ብዙ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል። እርሱም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ይምጣም እላለሁ። ነገር ግን የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው እንዳይሆን፥ ፋብሪካውን እየተመኘን በእጃችን ያለውን መለኪያ ሳንመረምር ዓመታት ማለፍ የለባቸውም። መለኪያን መርምሮ ስሕተቱን ያወቀ ሰው ነገ ለሚቆመው ፋብሪካ ምን ዐይነት መለኪያ እንዲሠራ ማዘዝ ይችላል። ያልመረመረ ሰው ግን ፋብሪካው በደጁ ቢቆምም ገዢ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

መለኪያዎቹ ርካሽ መሆናቸው ድክመት ብቻ አይደለም። በ1953 ዓ. ም. ከወሎ በስተ ደቡብ በካራ ቆሬ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ የማጀቴን ከተማ ባፈረሰ ጊዜ፥ ነገሩን በመሣሪያ የመዘገቡት የምርምር ጣቢያዎች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ዛሬ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በ2016 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እንደ ጀመሩት ባለ ዘዴ፥ በሰው ኪስ ያሉ ብዙ ስልኮች በአንድ ላይ የመሬትን መንቀጥቀጥ ያስታውቃሉ። አንዱ ስልክ ብቻውን ደካማ ምስክር ነው፤ የባለቤቱን እርምጃ ከመሬት መናወጥ መለየት ይቸግረዋል፥ ቀላሉንም መንቀጥቀጥ አይሰማም። በአንድ አካባቢ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ስልኮች በአንድ ቅጽበት ተንቀጠቀጥን ካሉ ግን ቃላቸው ይታመናል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረታችን ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

ክቡራን መምህራን፥ ውድ ጓደኞቼ፤ ከእናንተ የምለምነው ገንዘብ አይደለም። ከመምህራኖቻችን ምክር፥ ከጓደኞቼም ጊዜ እለምናለሁ። የስድስቱን ገጽ ምርመራ የሚሠራ ሁሉ ውጤቱን፥ የመለኪያውን ዐይነትና የለካበትን ሰዓት ጽፎ ለማኅበሩ ጸሐፊ ይስጥ፤ ስሕተቱ ትልቅ የሆነበትም ሰው ሳያፍር ይጻፍ፥ የሚጠቅመን እርሱ ነውና። ሠላሳ ወይም አርባ ገጽ በተሰበሰበ ጊዜ ስለ መለኪያዎቻችን ጠባይ በግምት መናገራችን ይቀራል። ክረምቱም ከመግባቱ በፊት የትኛው መለኪያ ወደ ገደሉ አፋፍ መሄድ እንደሚገባው፥ የትኛውም ከጠረጴዛ ላይ እንደሚቀር ለይተን እናውቃለን።

 ጥያቄ ያለው ሰው አሁን ሊጠይቀኝ ይችላል።